የ1950ዎቹን ሰፊ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

የዛሬው ዝግጅታችን ከአንድ ሰፊ የድሮ ቤት ፊት ቆሞ «ልግዛው ወይስ ልለፈው?» እያለ ለሚያወጣና ለሚያወርድ ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። ቦታው እዚሁ ዋሽንግተን ዙሪያ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ታኮማ ፓርክ፣ ወንዙን ሲሻገሩ ደግሞ አሌክሳንድርያና ፎልስ ቸርች። የአገራችን ሰው ኑሮ የመሠረተባቸው፣ የሐበሻ መደብርም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በቅርብ የሚገኝባቸው አካባቢዎች ናቸው። እዚህ ለሽያጭ ከሚወጡት ቤቶች ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ የተሠሩ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቤቶቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። በ1944 የአሜሪካ መንግሥት ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የቤት መግዣ ብድር ዋስ የሚሆንበትን ሕግ አወጣ። ወታደሩ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቤት ሊገዛ የሚችልበት በር ተከፈተ። በዋና ከተማው ዙሪያ የነበረው የእርሻ መሬት እየተሸነሸነ መንገድ ወጣለት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ልጆች የወለዱ ወጣት ባልና ሚስቶች ገቡበት። በዚህ አካባቢ ያኔ የተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ከውጭ ጡብ፣ ከውስጥ ብሎኬት ናቸው። ወለላቸው ጠንካራ የኦክ እንጨት ነው፤ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ይህ ወለል ለአሥርተ ዓመታት ምንጣፍ ተለብዶበት ስለኖረ ዛሬም እንደ አዲስ ነው። ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ዛፉም አድጓል። አሁን በአዳዲስ ሰፈሮች በዚህ ስፋት ግቢ ማግኘት ከባድ ነው።

ከነዚህ ሰፈሮች የብዙዎቹ የባለቤትነት ሰነድ ላይ ግን አንድ መራራ ነገር ተጽፎ ነበር። ቤቱ ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ። አይሁዳውያንንም የሚከለክል ነበረበት። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ሲል ወሰነ፤ በ1968 ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘርን ለይቶ መከልከል በተግባር ቀረ ማለት ባይቻልም፣ ቢያንስ በፌዴራል ሕግ ሕገ ወጥ ሆነ። ዛሬ የእኛ ሰው በነዚያው መንገዶች ላይ ቤት ገዝቶ ልጆቹን ብስክሌት ሲያስነዳ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ያመጡት የጥቁር አሜሪካውያን ትግልና ፍርድ ቤት ያደረሷቸው ክሶች ናቸው፤ ልናስታውሳቸው ይገባል። ለገዢም የሚሆን አንድ ነገር ከዚሁ ሕግ ይወጣል፦ ሪልተራችሁን «እዚህ ሰፈር የሚኖረው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሊመልስላችሁ አይችልም፤ ገዢን በዘር እየለየ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ሰፈር መምራት የተከለከለ ነው። ስለዚህ ራሳችሁ ሂዱ። በቅዳሜ ጠዋት በእግራችሁ ዙሩ፤ ማታም አንድ ጊዜ ተመለሱ፤ አጥር ላይ የቆመ ጎረቤት ካገኛችሁ ሰላም በሉት።

አሁን በሐሳብ አንድ ቤት እንጎብኝ። በ1956 የተሠራ፣ ከስላይጎ ክሪክ ወራጅ ውሃ ብዙም የማይርቅ፣ ወለሉ በግማሽ ደረጃ ወጣና ወረድ የሚል፣ አራት መኝታ ቤትና ቤዝመንት ያለው ነው እንበል። ማስታወቂያው ላይ መጀመሪያ የሚታየው ፎቶ የወጥ ቤቱ ነው፤ ነጭ ቁም ሣጥን፣ የሚያብለጨልጭ የድንጋይ ጠረጴዛ፣ አዲስ ምድጃ። ከዚህ ጀምሮ ዛሬ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ። በድሮ ቤት ውስጥ ውዱ ነገር በፎቶ አይታይም። ወጥ ቤት ገንዘብ ሲገኝ ይታደሳል፤ ከመሬት በታች የተሰበረ ቧንቧ፣ ከግድግዳ ውስጥ ያረጀ ሽቦ፣ ከመሠረቱ ሥር የሚገባ ውሃ ግን ገንዘብ እስክታገኙ አይጠብቋችሁም። ስለዚህ ወጥ ቤቱን ለመጨረሻ እንተወውና ከውጭ እንጀምር።

መኪናችሁን አቁማችሁ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ ቤቱን እዩት። መሬቱ ወዴት ያዘነብላል? ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከቤቱ እየሸሸ ይሄዳል ወይስ ወደ ግድግዳው ይመጣል? የሚመከረው ከመሠረቱ ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ አሥር ጫማ ውስጥ መሬቱ ስድስት ኢንች ያህል ዝቅ እንዲል ነው። ከስልሳና ሰባ ዓመት በኋላ ግን ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ይሰምጥና ውሃ የሚያቁር ገንዳ ይሠራል። ጣሪያው ጫፍ ላይ ያለውን አሸንዳም እዩ፤ ውሃውን ከቤቱ ርቆ ነው የሚያፈሰው ወይስ እዚያው ጥግ ላይ? ቤዝመንቱ ውሃ የሚገባበት ቤት ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ አሸንዳ በማስረዘምና አፈር በመሙላት በጥቂት ገንዘብ የሚስተካከልበትም ጊዜ አለ። ከተቻላችሁ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ሂዱ። ቤት ሻጭ ፀሐያማ ቀን ይመርጣል፤ ገዢ ግን ዝናባማውን መምረጥ አለበት።

ዛፎቹን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። የቆየ ሰፈር ውበቱ ዛፉ ነው፤ በጋ ላይ ጥላው የማቀዝቀዣ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ግንዱ የተቦረቦረ ትልቅ ኦክ ካለ፣ እሱን ማስቆረጥ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠይቅ እንደሚችል አስቡ። ሥሩ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ቆይተን እናያለን።

ግድግዳው ሥር፣ ከመሬት ብቅ ያለ የብረት ቧንቧ ካያችሁ አስተውሉ። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ድሮ የሚሞቁት በነዳጅ ዘይት ነበር፤ ዘይቱ የሚቀመጠው ግቢ ውስጥ በተቀበረ የብረት ታንከር ነው። ቤቱ በኋላ ወደ ጋዝ ሲዞር ታንከሩ ሳይወጣ የቀረበት ቤት አለ። ብረቱ ዝጎ ዘይቱ መሬት ውስጥ ከፈሰሰ አፈሩን አስቆፍሮ ማጽዳት የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። የመሙያና የመተንፈሻ ቧንቧ ምልክት ካለ፣ ወይም ቤዝመንቱ ወለል ላይ ተቆርጠው የቀሩ ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ካያችሁ፣ ታንከሩ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት ከሌለ ታንከር የሚፈልግ ባለሙያ አስመጡ።

አሁን ወደ ቤዝመንቱ እንውረድ። እዚህ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው የድሮ ቤት ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚያሰላው በቤዝመንት ነው። «ታችውን አከራይቼ ሞርጌጁን እደግፋለሁ» ይላል፤ ወይም እናቱን ከአዲስ አበባ አምጥቶ ሊያኖርበት ያስባል። ስለዚህ ቤዝመንቱ ሰው የሚተኛበት ቦታ ነው፤ እንደ ዕቃ ማከማቻ ብቻ ልናየው አንችልም።

መጀመሪያ አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ በሻማና በሽቶ አይጠፋም፤ እንዲያውም ቤዝመንት ውስጥ ብዙ ሻማ ከበራ ለምን እንደበራ ጠይቁ። ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ካለ ውሃ በብሎኬቱ ውስጥ አልፎ ሲደርቅ የተወው ጨው ነው። ቤቱ ሁሉ ሳይቀባ የቤዝመንቱ ግድግዳ ብቻ በቅርቡ ተቀብቶ ካገኛችሁት ቀለሙ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ። ስንጥቅ ስታዩ አትደንግጡ፤ ግን ለዩት። ቀጥ ብሎ የወረደ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ሲሚንቶው ሲደርቅ የመጣ ነው። በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወጣ ስንጥቅ መሠረቱ በአንድ በኩል መስመጡን ሊያመለክት ይችላል። ከሁሉ አሳሳቢው በግድግዳው መካከል አግድም የሄደ ስንጥቅና ወደ ውስጥ የጎበጠ ግድግዳ ነው፤ ውጭ ያለው እርጥብ አፈር ግድግዳውን እየገፋው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የሚፈርደው የቤት ኢንስፔክተር አይደለም፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ነው።

ቀጥሎ መስኮቱ። ቤዝመንት ውስጥ ያለ ክፍል መኝታ ቤት የሚባለው እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ሲኖረው ነው። በብዙ ካውንቲዎች የሚሠራበት የግንባታ መመሪያ መስኮቱ ሲከፈት ባዶው ቦታ ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ፊት እንዲሆን፣ የመስኮቱ ታችኛ ጠርዝም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ እንዳይርቅ ያዛል። በ1956 የተሠራው ቤት ቤዝመንት ያለው ግን ጣሪያው ሥር የተለጠፈች ትንሽ መስኮት ነው። እዚያ አልጋ ማስገባት ይቻላል፤ እሳት የተነሳ ሌሊት ግን እዚያ የተኛው ሰው በደረጃው ካልወጣ መውጫ የለውም። እናታችሁን የምታስተኙበት ቦታ ነውና ይህን በጥብቅ እላለሁ። መስኮት ማስፋት ይቻላል፤ ግድግዳ ተቆርጦ፣ ውጭ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው የሚሠራው፤ ወጪውን ከመግዛታችሁ በፊት አስልታችሁ ያዙ። ለማከራየትም ከሆነ እንደ ሞንትጎመሪ ያሉ ካውንቲዎች ራሱን የቻለ መኖሪያ አድርጎ ለማከራየት ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የተከራይን ገቢ በስሌታችሁ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ቤቱ ፈቃድ ሊያገኝ ይችል እንደሆነ ካውንቲውን ጠይቁ።

ከመሬት የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ራዶን የሚባል ጋዝ አለ። ከድንጋይና ከአፈር ይመነጫል፣ በመሠረቱ ስንጥቅ ይገባል፣ ቤዝመንት ውስጥ ይጠራቀማል። በአሜሪካ ከሲጋራ ቀጥሎ ዋነኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ እሱ ነው፤ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በዓመት 21,000 ያህል ሰው በዚህ ሳቢያ እንደሚሞት ይገምታል። በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከተለካ መፍትሔ እንዲደረግ ኤጀንሲው ያሳስባል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ሲሸጥ የራዶን ምርመራ እንዲደረግ በሕግ አስገድዷል፤ በሌላ ካውንቲ ከሆናችሁ ራሳችሁ አስመርምሩ። ደግነቱ መድኃኒት አለው፤ ጋዙን ከመሠረቱ ሥር ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ቧንቧና ማራገቢያ ይተከላል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ቢፈጅ ነው። በራዶን ምክንያት ጥሩ ቤት ጥላችሁ አትሂዱ፤ ሳትለኩ ግን አትግቡ።

ቤዝመንቱ ውስጥ እያለን ቧንቧዎቹን እንመልከት። በዚያ ዘመን ውሃ ወደ ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ ዚንክ በተቀባ የብረት ቧንቧ ነበር። ይህ ቧንቧ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይዝጋል፤ እንደ ሰው የደም ሥር እየጠበበ ይሄዳል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው። ሳንቲም መሳይ ቡናማ ከሆነ መዳብ ነው፤ እሰየው። ከዚያ ላይ ውጡና መታጠቢያ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ ሻወሩን በአንድ ጊዜ ክፈቱ። የውሃው ጉልበት ከወደቀ፣ ወይም መጀመሪያ የወጣው ውሃ ቡናማ ከሆነ ቧንቧው ዕድሜውን ጨርሷል።

የሚገባው ውሃ እንዲህ ከታየ የሚወጣውስ? ከቤቱ እስከ መንገዱ ድረስ ፍሳሹን የሚወስደው ቧንቧ በዚያ ዘመን የሸክላ ወይም የብረት ነበር፤ ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከሬንጅና ከተጨመቀ የወረቀት ጭረት የተሠራ ቧንቧም ጥቅም ላይ ውሎ ነበር። እነዚያ ቀና ብለን ያደነቅናቸው ዛፎች ሥራቸው ውሃ ፍለጋ የሚሄደው ወደዚህ ነው። በሸክላው መጋጠሚያ ሰርጎ ገብቶ ይዘጋዋል፣ ይሰብረዋል። በግቢያችሁ ውስጥ ያለው መስመር የእናንተ ኃላፊነት ነው፤ ቆፍሮ መቀየር አሥር ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ይህን ሁሉ በጥቂት መቶ ዶላር አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ ካሜራ በቧንቧው ውስጥ የሚልክ ባለሙያ አለ። የተለመደው ኢንስፔክሽን ይህን አይጨምርም፤ ለይታችሁ ማዘዝ አለባችሁ። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን የካሜራ ምርመራ ያዙልኝ።

ወደ መብራቱ እንሂድ። በ1956 አንድ ቤተሰብ የሚጠቀምባቸው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከዛሬው ያነሱ ነበሩ፤ ለቤቱ የሚገባው ኃይል ስልሳ አምፒር ቢሆንም ይበቃ ነበር። ዛሬ ሁለት መቶ አምፒር የተለመደ ነው። የእኛን ቤት አስቡት፦ እዚህ አገር የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ1,400 እስከ 1,500 ዋት ይወስዳል። የአሥራ አምስት አምፒር መስመር በ120 ቮልት የሚችለው 1,800 ዋት ነው። ምጣዱ ተሰክቶ በዚያው መስመር ማይክሮዌቭ ከተነሳ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ብሬከሩ ካልወደቀና ሽቦው ከጋለ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ፓነሉን አስከፍቱ። ብሬከር ነው ወይስ የድሮ ፊውዝ? ግድግዳው ላይ ያሉት ሶኬቶች ባለ ሁለት ቀዳዳ ናቸው ወይስ ሦስተኛው የመሬት መስመር አላቸው? ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ከኋላው የመሬት መስመር ላይኖረው ስለሚችል ኢንስፔክተሩ በመሣሪያ ይለካው። ቤቱ ወይም ተቀጥላው ከ1965 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የተሠራ ከሆነ ሽቦው አሉሚኒየም እንዳይሆን አስመርምሩ፤ መጋጠሚያው እየላላ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አንዳንድ የድሮ ፓነሎችን የመድን ድርጅቶች አይቀበሉም፤ ስለዚህ ከክሎዚንግ በፊት መድን የሚሰጣችሁን ድርጅት የፓነሉን ፎቶ አሳዩት።

ቀለምና ክዳን ላይ ፈጠን ብለን እንለፍ። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በ1978 ተከልክሏል፤ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ሁሉ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይሻላል። ሕጉ ሻጭ የሚያውቀውን እንዲነግራችሁና እንድታስመረምሩ አሥር ቀን እንዲሰጣችሁ ያዛል። አደጋው ያለው የሚሰነጠቅና የሚረግፍ ቀለም፣ በተለይም ሲከፈትና ሲዘጋ የሚፋተግ የመስኮት ጠርዝ ላይ ነው፤ ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ይህን አትለፉት። አስቤስቶስም አለ፤ የሙቀት ቧንቧ በተጠቀለለበት ነጭ ልባስ፣ ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች በሆኑት የወለል ንጣፎች፣ በአንዳንድ የውጭ ክዳን ውስጥ። ካልተነካ ካልተሰበረ አይበናኝም። የሚጎዳው ባል መዶሻ ይዞ «ቅዳሜ ራሴ አነሳዋለሁ» ሲል ነው። ጣሪያው ሥር ስትወጡ ትናንሽ የሚያብረቀርቁ ጠጠሮች የመሰለ መሸፈኛ ካያችሁ ደግሞ አትንኩት፤ ብዙው የመጣው አስቤስቶስ ከተቀላቀለበት የሞንታና ማዕድን ማውጫ ነው።

ጣሪያ፣ የቤት ማሞቂያና የውሃ ማሞቂያ በዕድሜያቸው ይገመታሉ። የአስፋልት ጣሪያ ከሃያ እስከ ሠላሳ ዓመት፣ የማሞቂያ ምድጃ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ፣ የውሃ ማሞቂያው አሥር ዓመት ገደማ። ሁለቱ ማሞቂያዎች የተሠሩበት ቀን ሰሌዳቸው ላይ አለ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሦስቱም ያረጁ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም ተከታትለው ይመጡባችኋል።

አሁን ያቆየነውን ወጥ ቤት እንይ። አንድ ቀላል ጥያቄ አለኝ፦ ምድጃው ላይ ያለው ማራገቢያ ጭሱን ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው ወይስ መልሶ ወደ ክፍሉ? ሽንኩርትና በርበሬ በሚቁላላበት ቤት ይህ ጥያቄ ከድንጋይ ጠረጴዛው ይበልጣል።

ሌላው ጥያቄዬ ስለ አዲስነቱ ነው። ይህ ቤት መቼ ተሸጦ ነበር? ከስድስት ወር በፊት በርካሽ ተገዝቶ፣ ተቀብቶ፣ ግድግዳ ፈርሶ፣ ዛሬ በእጥፍ ዋጋ የቀረበ ከሆነ ነቅታችሁ ተመልከቱ። ሳሎንና ወጥ ቤቱን አንድ ለማድረግ የፈረሰው ግድግዳ ፎቁን የተሸከመው ሊሆን ይችላል። ቤዝመንቱ በአዲስ ሰሌዳ ከተሸፈነ ስንጥቁንም ነጩን ዱቄትም አታዩም። የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ጽፋችሁ ምን ፈቃድ እንደወጣ ማየት ትችላላችሁ፤ ሽቦና ቧንቧ ተቀየረ እየተባለ ምንም ፈቃድ ካልተገኘ ያለ ፈቃድ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ሐሳቤን ልናገር፦ አርባ ዓመት የኖሩበት አዛውንት የሚሸጡት፣ ወጥ ቤቱ ያረጀ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ንጣፍ ገና ሮዝ የሆነ፣ ቤዝመንቱ ግድግዳው ራቁቱን የሚታይ ቤት፣ በደንብ ከተጠበቀ፣ ከሚያብረቀርቀው እመርጠዋለሁ። ችግሩ ከፊቴ ነው፤ ዋጋውን በችግሩ ልክ መነጋገር እችላለሁ። የአሸንዳ ጠራጊና የማሞቂያ ጥገና ደረሰኝ በፋይል ያስቀመጡ ባለቤት ካገኛችሁ ያ ፋይል ራሱ ከግማሽ ኢንስፔክሽን አይተናነስም።

ስለ ስፋቱም አንድ ነገር። ማስታወቂያው 2,400 ስኩዌር ፊት ካለ ከመሬት በላይ ያለው ስንት ነው፣ ቤዝመንቱስ ስንት ነው ብላችሁ ለዩት። የሚገመተው በተለያየ ዋጋ ነው። ሰፊ የድሮ ቤት ክረምት ላይ ብዙ ያስከፍላል፤ ግድግዳው ጡብና ብሎኬት ሆኖ ሙቀት የሚይዝ መሸፈኛ የሌለው፣ መስኮቱም ነጠላ መስታወት ሊሆን ይችላል። የዓመት የጋዝና የመብራት ወጪውን ከሻጩ ጠይቁ። በአሌክሳንድርያ በኩል እንደ ሆሊን ሂልስ ያሉ፣ አርክቴክት ቻርልስ ጉድማን የነደፋቸው ባለ ትላልቅ መስታወት ቤቶች አሉ፤ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ግን ያ ሰፈር በካውንቲው የታሪክ ጥበቃ ሥር ስለሆነ ከውጭ የሚታይ ለውጥ ለማድረግ አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ስትሉም ከሰፈሩ ስም አትነሱ፤ አድራሻውን ራሱን በትምህርት ቤቱ አስተዳደር መፈለጊያ ላይ አስገቡ፤ ድንበሩ በመንገዱ መሐል የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻ ወረቀቱ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቤት ሊያሳያችሁ የሚወስዳችሁ ሪልተር አስቀድሞ የጽሑፍ ውል ያስፈርማችኋል፤ የሚከፈለው ኮሚሽን እዚያ ላይ ይሰፍራል። ልትደራደሩበት ትችላላችሁ፤ አንብባችሁ ፈርሙ። ቤቱ ብዙ ፈላጊ ካለው «ኢንስፔክሽን ብንተወው ኦፈራችን ያሸንፋል» የሚል ምክር ይመጣላችኋል። በአዲስ ቤት ላይ እንኳ የማልወደው ምክር ነው፤ በ1956 ቤት ላይ ግን ፈጽሞ አልቀበለውም። መሐል መንገድ አለ፦ ኦፈር ከማስገባታችሁ በፊት፣ ሻጩ ከፈቀደ፣ ኢንስፔክተራችሁን ይዛችሁ ግቡና አስመርምሩ። ከዚያ በኋላ ኦፈራችሁን ያለ ኢንስፔክሽን ቅድመ ሁኔታ ብታስገቡም ምን እንደምትገዙ ታውቃላችሁ። ኢንስፔክተሩ ሲሠራ ደግሞ አብራችሁት ዙሩ፤ ወረቀቱ ላይ አርባ ጉድለት ይዘረዘራል፣ ከነዚያ ውስጥ የትኛው በዚህ ወር፣ የትኛው በአምስት ዓመት ውስጥ መሠራት እንዳለበት በቃሉ የሚነግራችሁ እዚያው ቆማችሁ ስትጠይቁት ነው።

ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የቤት ግብር ግን አትመኑ፤ ይህ በሜሪላንድ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ሜሪላንድ የቤቶችን ግምት በየሦስት ዓመቱ ያድሳል፤ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ግን ግብር የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳይጨምር የሚገድብ ቅናሽ አለው። አርባ ዓመት የኖሩት አዛውንት የሚከፍሉት በዚህ ገደብ የተቀነሰውን ነው። ቤቱ ሲሸጥ ገደቡ ይወድቃል፤ እናንተ የምትከፍሉት በሙሉው ግምት ነው፤ ልዩነቱ በወር የሞርጌጅ ክፍያችሁ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ባንኩ የወር ክፍያውን ሲያሰላላችሁ በየትኛው ግብር እንዳሰላው ጠይቁት፤ ከገባችሁ በኋላም ለዚያ ቅናሽ ራሳችሁ ማመልከቻ አስገቡ፤ ካላመለከታችሁ አይሰጣችሁም። ማመልከቻው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ ነው፤ የክፍለ ሀገሩ የግምትና ግብር መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ ይቀበላል።